ማን ነው "ት ቤት" ብሎ የሚያነበው?

"ት/ቤት" የሚል ጽሑፍ አይታችሁ "ት ቤት" ብላችሁ አንብባችሁ ታውቃላችሁ? አይመስለኝም። ዓይናችን አንዲት ፊደልና አንዲት ያጋደለች መስመር ያያል። አፋችን ግን "ትምህርት" ይላል፤ ከየት እንዳመጣውም አናስብም። "ኢሠፓ" ላይ ስንደርስ ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል። "የኢትዮጵያ ሠራተኞች ፓርቲ" ብሎ የሚተነትን የለም። ኢሠፓ ኢሠፓ ነው፣ አለቀ። ሁለቱም ምህጻረ ቃል ይባላሉ። ግን ጠባያቸው አይገናኝም።

ነገሩ ውስጥ የገባሁት በእንጀራዬ ምክንያት ነው። ደሴ ላይ፣ መሥሪያ ቤት በሚበዛበት ሰፈር፣ የኮምፒውተር ጽሕፈትና ኮፒ እሠራለሁ። ሰው በእጁ የሞነጫጨረውን ይዞ ይመጣል፣ እኔ ታይፕ አደርጋለሁ። ማመልከቻ፣ የኪራይ ውል፣ ሲቪ፣ የሠርግ ጥሪ፣ የሙት ዓመት ማስታወቂያ። ውሎዬ ከነጥብና ከእዝባር (ከዚያች ካጋደለች መስመር) ጋር ነው። ይቺን ልጻፋት ወይስ ልፍታት? ቀኑን ሙሉ ጣቴ የሚያመነታው እዚህ ላይ ነው።

እንግሊዝኛ ተናጋሪዎች በዚህ ጉዳይ ሲከራከሩ የሚያሰምሩት መስመር ሌላ ነው። የቃላቱ መነሻ ፊደሎች ተገጣጥመው እንደ አንድ ቃል ከተነበቡ አክሮኒም ይሉታል። ኔቶ፣ ዩኔስኮ፣ ፊፋ እንደሚባለው። ፊደሎቹ ተራ በተራ በየስማቸው ከተጠሩ ኢኒሺያሊዝም ነው። ቢቢሲና ኤፍቢአይ እዚህ ይገባሉ። ዶክተር የሚለውን ቃል መሀሉን አውጥቶ ጫፍና ጫፉን ማስቀረት ደግሞ ሌላ መደብ አለው። ለሁሉም ጥላ የሚሆነው አብሪቪየሽን የሚለው ስም ነው። ማንኛውም አክሮኒም አብሪቪየሽን ነው፣ ማንኛውም አብሪቪየሽን ግን አክሮኒም አይደለም።

ልዩነቱ ቁልጭ ብሎ የሚታየው የጤና ጣቢያ ግድግዳ ላይ ነው። "ኤች አይ ቪ/ኤድስ" ይላል ፖስተሩ። አንደኛውን ፊደል በፊደል እንጠራለን፣ ሁለተኛው ቃል ሆኖ አርፎታል። ምክንያቱን ፊደሎቹ ውስጥ ብትፈልጉ አታገኙትም። ኤች አይ ቪን "ሂቭ" ብሎ ማንበብ ይቻል ነበር። አልተለመደም፣ ሌላ ምክንያት የለውም። ኤድስ ግን ፀረ ኤድስ ክበብ ተቋቋመበት፣ ጭውውት ተሠራበት፣ ግጥም ተገጠመበት። ዛሬ የአራት የእንግሊዝኛ ቃላት መነሻ መሆኑን ማን ያስታውሳል?

ቃል መሆን ማለት እንግዲህ መነሻውን እስከ መርሳት ድረስ ነው። ራዳር በ1940ዎቹ መግቢያ በአሜሪካ ባሕር ኃይል የተለመደ የአራት ቃላት ምህጻር ነበር። ሌዘርም እንደዚሁ፤ ጎርደን ጉልድ የተባለ አሜሪካዊ በ1957 በማስታወሻ ደብተሩ ላይ ነው የጻፈው (ዓመቶቹ በፈረንጅ ናቸው)። የዩኒሴፍ ደግሞ ይብሳል። በ1946 ሲቋቋም በሙሉ ስሙ ውስጥ "ዓለም አቀፍ" እና "አስቸኳይ" የሚሉ ቃላት ነበሩ። በ1953 ሁለቱ ቃላት ከስሙ ወጡ። ፊደሎቻቸው ግን ዩኒሴፍ ውስጥ ቀሩ። ባለቤቱ ከቤት ወጥቶ ዕቃው እንደቀረ ማለት ነው። ምክንያቱም ዓለም የለመደው ዩኒሴፍን እንጂ ሙሉ ስሙን አልነበረም።

የተገላቢጦሹም አለ። ምህጻረ ቃል ሳይሆኑ ምህጻረ ቃል የሚመስሉ። ኤስ ኦ ኤስ የሚለው የጭንቅ ጥሪ "ነፍሳችንን አድኑ" የሚል ትርጉም ያለው የሚመስላቸው ብዙ ናቸው። የለውም። በ1906 በርሊን ላይ የተመረጠው በሞርስ ሲተላለፍ ለጆሮ ቀላል ስለሆነ ነው፤ ሦስት አጭር፣ ሦስት ረጅም፣ ሦስት አጭር። ትርጉሙን ሰው ኋላ ለጠፈበት። ዋይፋይም ለገበያ የወጣ ስም ነው፣ የምንም ምህጻር አይደለም። እኛም ዘንድ ደርግን ምህጻረ ቃል አድርጎ ሊተነትን የሚሞክር አይጠፋም። ደርግ የግዕዝ ቃል ነው፣ ጉባኤ ወይም ኮሚቴ እንደማለት። የሚፈታ ፊደል የለውም።

ወደ ራሳችን ፊደል ስንመለስ ያ የእንግሊዝኛው መስመር ሟሙቶ ይጠፋል። የእንግሊዝኛ ፊደል ስሙ ሌላ፣ ድምፁ ሌላ ነው። "ኤች" የሚሉት ቃል ውስጥ ሲገባ "ህ" ነው። "ደብሊው" የሚሉትማ ጉድ ነው። በኢንተርኔት አድራሻ መግቢያ ላይ የሚጻፉትን ሦስት ደብሊዎች በእንግሊዝኛ ስትጠሯቸው ዘጠኝ ቀለም ይፈጃሉ። ያሳጥሩታል የተባለው ሙሉ ስም ግን ሦስት ቀለም ብቻ ነው። ማሳጠር ይሉሃል ይሄ ነው!

የኛ ፊደል ስሙም ድምፁም አንድ ነው። መ "መ" ነው፣ ፓ "ፓ" ነው። አናባቢውን ጉያው ውስጥ ይዞ ነው የሚዞረው። ስለዚህ ተ፣ መ፣ ድ እያሉ በየተራ መጥራትና "ተመድ" ብሎ ባንድ ትንፋሽ መጥራት ያው ነው፣ የሚለየው ፍጥነቱ ብቻ ነው። አንድ ድርጅት በእንግሊዝኛ "ዩኤን" ተብሎ ፊደል በፊደል ይጠራል። በአማርኛ ሬዲዮ ላይ ግን "ተመድ አስታወቀ" ሲባል ቁጭ ያለ ቃል ነው። የወጣት ወንዶች ክርስቲያናዊ ማኅበርም እንዲሁ "ወወክማ" ሆኗል። አፍ ውስጥ ሲንከባለል ደስ ይላል፣ ሞክሩት። በእንግሊዝኛ አናባቢ ካልገጠመ አክሮኒም አይወጣም፣ ዕድል ይፈልጋል። በአማርኛ ማንኛውም ፊደል ከማንኛውም ጋር ይሄዳል።

ስሞቻችን ደግሞ ሁሉም "የ" ብለው ይጀምራሉ። የኢትዮጵያ፣ የአማራ፣ የተባበሩት። ምህጻረ ቃል ስናወጣ "የ"ን ከነጭራሹ እንጥላታለን። ባንጥላት ኖሮ የአገሩ ድርጅት በሙሉ በ"የ" ይጀምር ነበር። ይህን ሕግ ብሎ ያስተማረን የለም፣ ሁላችንም ግን እናውቀዋለን።

ፊደሉ ስለሚመች ይመስለኛል ፖለቲካችን በምህጻረ ቃል የሰከረው። ኢሕአፓ፣ መኢሶን፣ ኢማሌድኅ፣ ኢሠፓአኮ። መኢሶንን የማያውቅ ሰው የሰው ስም ነው ብትሉት ያምናችኋል። በቀይ ሽብር ዘመን የትኛው ውስጥ ነህ የሚለው ጥያቄ የሞት የሽረት ነበር፤ እዚህ ደሴም የዚያን ጊዜ ወጣቶች የነበሩ ሰዎች እነዚህን ስሞች ሲጠሩ ዛሬም ግራ ቀኙን ያያሉ። ከዚያ ኢሕአዴግ መጣ። በኛ በኩል ኢሕዴን ብአዴን ሆነ፣ ብአዴን በ2011 ዓ.ም. አዴፓ ሆነ። ኢሕአዴግን የተካው ፓርቲ ግን በ2012 ዓ.ም. ሲመሠረት ብልጽግና ተባለና ምህጻር ሳያስፈልገው ቀረ። ስለ ፖለቲካው አስተያየት እየሰጠሁ አይደለም። ነገር ግን ለታይፒስት ትልቅ ለውጥ ነበር።

በአማርኛ የሚጠራ ምህጻረ ቃል ሁሉ ቃል መሆኑን የምታውቁት ቅጥያ ስትጨምሩበት ነው። "ኢሕአፓዎች" እንላለን። "ሲሜን አወጣሁ"፣ "ፒኔን ረሳሁት" እንላለን። ሲምና ፒን በእንግሊዝኛውም አክሮኒም ስለሆኑ አይገርምም። ግን "ኤቲኤሜን ማሽኑ ዋጠው" ስንልስ? ኤቲኤም በእንግሊዝኛ ፊደል በፊደል የሚጠራ ነው። እኛ "ኤ" ለጥፈን እንደ ቤቴና ኮቴ አደረግነው። (በነገራችን ላይ "ኤቲኤም ማሽን" ስንል "ማሽን"ን ሁለቴ ጠርተናል፣ የመጨረሻዋ ፊደል ራሷ ማሽን ናት። "ፒን ቁጥር"ም ያው ነው። ፈረንጆቹም ይሉታል፣ አንጨነቅ።)

ወሎ ውስጥ ደግሞ የእርዳታ ድርጅት ምህጻር ያላደመጠ ጆሮ የለም። ገበሬው እንግሊዝኛ ሳይማር ዩኤስኤይድን ያውቃል። ከጆንያው ላይ ነው ያነበበው። ይህ ስም ራሱ ግማሹ በፊደል፣ ግማሹ በቃል የሚጠራ ዲቃላ ነው። አንድ ድርጅት ሁለት ምህጻር ይዞ የሚኖርበትም ጊዜ አለ። የአማራ መልሶ ማቋቋምና ልማት ድርጅት በአማርኛ አመልድ፣ በእንግሊዝኛው ኦርዳ ነው። አርሶ አደሩ አንዱን፣ ቢሮው ሌላውን ሲል ሁለት ድርጅት የሚመስለው ሰው አለ። የአማራ ልማት ማኅበር ግን ተክኗል፤ "አልማ" ብሎ ከስሙ ውስጥ ልማት የሚሸት ቃል አወጣ። እንዲህ ዓይነቱ ሲገኝ ሰው ሙሉ ስሙን ለመጠየቅም አይቸገር።

እስካሁን ያወራሁት ስለሚጠሩት ነው። የኔ ራስ ምታት ግን ሌላኛው ጎራ ነው፤ በጽሑፍ አጥረው በንባብ የሚፈቱት። ዶ/ር፣ መ/ር፣ ወ/ሮ፣ ኮ/ል መጀመሪያና መጨረሻ ፊደላቸውን ይዘው የቀሩ ናቸው። ፍ/ቤት፣ ጽ/ቤት፣ ገ/ሥላሴ ደግሞ የመጀመሪያ ቃላቸውን ብቻ የቆረጡ። እነዚህ ድምፅ የላቸውም። ለዓይን ብቻ የተሠሩ ናቸው። ቅጥያ እንኳ ብትጨምሩባቸው፣ "በት/ቤቱ" ብላችሁ ብትጽፉ፣ አንባቢው መጀመሪያ ይፈታና ከዚያ ነው የሚጠራው። ስለዚህ በአማርኛ የሚያዋጣው ጥያቄ ፈረንጆቹ የሚጠይቁት "እንደ ቃል ነው ወይስ ፊደል በፊደል?" የሚለው አይደለም። "ይፈታል ወይስ እንዳለ ይጠራል?" ነው። የሚጠራውን ሙሉ ስሙን ባታውቁም መጥራት ትችላላችሁ። የሚፈታውን ግን ካላወቃችሁ አፋችሁ ይያዛል።

የእህቴን ልጅ ባጃጅ ውስጥ አስቀምጬ ከፒያሳ ወደ ቧንቧ ውሃ ስንሄድ ይህን አየሁ። ማንበብ የጀመረች ሰሞን ነው። ታፔላ ሁሉ ጮክ ብላ ታነባለች። "ም ቤት" አለች። አንድ ደጅ ላይ "ሆቴልና ም/ቤት" ተብሎ ተጽፏል።

"ምግብ ቤት ማለት ነው" አልኳት።

ትንሽ ሄደን ሌላ ታፔላ ላይ ያቺው "ም/ቤት" መጣች። ይሄኛው የመንግሥት ነው።

"ምግብ ቤት!" አለች በኩራት።

"አይ፣ ይሄ ምክር ቤት ነው።"

ባጃጅ ነጂው ሳቁን መቆጣጠር አቃተው። "ተያት ጋሼ፣ ልክ ናት" አለኝ። እኔ ምንም አላልኩም።

ም የምትባለው ፊደል በጣም ተሠቃይታለች። ም/ኃላፊ ሲሆን ምክትል ናት። ከሁሉም የሚገርመኝ ጎጃም ነው። ምሥራቅ ጎጃምም ም/ጎጃም፣ ምዕራብ ጎጃምም ም/ጎጃም። ፀሐይ መውጫና መግቢያ ባንድ ፊደል! ጠንቃቃ ጸሐፊ "ምሥ/" እና "ምዕ/" እያለ ይለያቸዋል፣ ጠንቃቃ ጸሐፊ ግን በየቀኑ አይገኝም። እኛ ወሎዬዎች በዚህ ረገድ ታድለናል። ደ/ወሎና ሰ/ወሎ ብሎ መጻፍ አያምታታም። ደ/ታቦርና ደ/ብርሃን ላይ "ደብረ" የነበረችው ደ እኛ ጋ ስትመጣ "ደቡብ" ትሆናለች፣ ማንም አይሳሳትም። ሰው የሚያውቀውን አገር ነው የሚያነበው።

የማያውቀውን ሲሆን ነው ችግሩ። አንድ ቀን ከገጠር የመጡ ሽማግሌ ደብዳቤ ይዘው ገቡ። ኮፒ ፈልገው ነበር። ከኮፒው በፊት ግን "ልጄ፣ እስቲ አንብብልኝ፤ ያ ስምንተኛ ክፍል የሆነው ልጅ አንብቦልኝ አልገባኝም" አሉኝ። ራስጌው ላይ "ገ/መ/አስ/አጠ/ጽ/ቤት" ይላል። ልጁ "ገብረ መ..." ብሎ ጀምሮ እዚያው ላይ ቆሟል። አይፈረድበትም። ገ/ የሚለውን ያየው ገ/መድኅንና ገ/ማርያም ላይ ነው። ክፍል ውስጥ ስም ሲጠራ አ/ቃድር አጠገቡ ተቀምጦ አድጓል፤ እዝባር ማለት ለሱ የሰው ስም ነው። ሽማግሌውም ደብዳቤው ገብረ መድኅን ከሚባል ሹም የመጣ መስሏቸው ከነጋ ጀምሮ ሰውየውን ሲያፈላልጉ ነው የዋሉት።

"የገጠር መሬት አስተዳደርና አጠቃቀም ጽሕፈት ቤት ነው አባባ" አልኳቸው።

"እና እንደዚያ ብሎ አይጽፍም?" አሉ።

ምን ልበላቸው? "ቦታ ለመቆጠብ ነው" አልኩ። ወረቀቱን ተቀብለው ገልበጥ አድርገው አዩት። ጀርባው ባዶ ነው። ከፊቱም ግማሹ ባዶ ነው። "ኸረ ቦታስ ሞልቷል" አሉኝ።

እዚህ ላይ በቢሮ ጸሐፊዎች እፈርዳለሁ። የራሳቸውን ስም እርስ በርሳቸው ስለሚተዋወቁበት ሁሉ ሰው የሚያውቀው ይመስላቸዋል። "ኃ/የተ/የግ/ማ" የሚለው የንግድ ታፔላ ላይ ስለተደጋገመ ቢያንስ ዓይን ለምዶታል፣ ሰውም አልፎት ይሄዳል። ስለ መሬት የተጻፈ ደብዳቤ ግን ታልፎ የሚኬድ አይደለም።

የሚፈታ ምህጻር ሁሉ ክፉ ነው ማለቴ ግን አይደለም። አንዳንዱ የሚያጥረው ሁሉም በልቡ ስለያዘው ነው። ደሴ ላይ "ወ/ሮ ስህን" ተብሎ ሲጻፍ የንጉሥ ሚካኤል ልጅ፣ የእቴጌ መነን እናት ከመታወሳቸው በፊት ትምህርት ቤቱ ነው ፊታችን ላይ የሚመጣው። "ቅ/" ካየሁ ቀጥሎ ያለውን ስም አይቼ ቅዱስ ወይም ቅድስት እላለሁ። ገብርኤል ከሆነ ቅዱስ፣ ማርያም ከሆነች ቅድስት። ፊደሏ አንድ ናት፣ ጾታውን የምጨምረው እኔ ነኝ።

ሱቅ ውስጥ የምታግዘኝ ልጅ ክርስቲያን ናት። አንድ ሸህ ለመድረሳቸው የሚሆን ጽሑፍ አምጥተው ስናስተካክል እሷ ጮክ ብላ ታነባለች፣ እሳቸው ከዋናው ጋር ያመሳክራሉ። "ነቢዩ ሙሐመድ ሰ ዐ ወ" ብላ አነበበች። ሸሁ ፈገግ ብለው "ሰለላሁ ዐለይሂ ወሰለም" አሉ። ቀጥሎ ሲመጣ እሷ ቆም አለች፣ እሳቸው ሞሉት። ከዚያ በኋላ እሷ እዚያ ቦታ ስትደርስ ዝም ትላለች፣ እሳቸው ይላሉ። ገጹ እስኪያልቅ እንዲያ ተቀባበሉ። "ረ.ዐ" ላይ ስትደርስ ግን ግራ ገባት። "አብሽሪ፣ እሱም የኔ ነው" አሏት።

የቤተ ክህነቱ ደግሞ ከዚህም ይረቃል። ድጓ በሚባለው የዜማ መጽሐፍ ላይ ከዋናው ጽሑፍ በላይ በጥቃቅኑ የተደረደሩ ፊደሎች አሉ። ምልክት ይባላሉ። እያንዳንዷ ምልክት ከታወቀ የዜማ ሐረግ ተቆርጣ የመጣች ናት። ሊቁ አንዷን ወይም ሁለቷን ፊደል ሲያይ የዚያን ሐረግ ዜማ እዚህኛው ቃል ላይ ያወርደዋል። ሥርዓቱን በ16ኛው መቶ ዘመን በዐፄ ገላውዴዎስ ጊዜ ያቆሙት አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል እንደሆኑ ይነገራል። ቃል የሚያሳጥር ምህጻር በየአገሩ አለ። ዜማ አሳጥሮ በፊደል የሚያስቀምጥ ግን ብዙ አታገኙም። ፊደሏን ማየት ለማንም ይቻላል፣ የሚፈታት ግን ዓመታት የተማረ ብቻ ነው።

ቁጥርም ይታጠራል እኮ። የወሎ ሽማግሌ "በስልሳ ስድስት" ወይም "በሰባ ሰባት" ሲል ዓመተ ምሕረት አይልም፣ 1966 ብሎም አይጀምር። ድርቅ የሚለውን ቃልም ይተወዋል። ወሎ ውስጥ ላደገ ሰው ሁለት አሃዝ ይበቃዋል። ከሌላ ቦታ ለመጣ ሰው ግን እየፈቱ መንገር ግድ ነው።

እንግዲህ እኔ ታይፕ ሳደርግ የምከተለው ልማድ አለኝ። የሚጠራ ከሆነ፣ እንደ ተመድና አልማ፣ መጀመሪያ ሙሉውን እጽፍና ምህጻሩን አስከትላለሁ፤ ከዚያ በኋላ በምህጻሩ እቀጥላለሁ። ት/ቤት፣ ወ/ሮ፣ ዓ.ም. እና ኪ.ሜ. ዓይን ስለለመዳቸው አልነካቸውም። ሌላውን የሚፈታ ሁሉ ግን እፈታዋለሁ፣ በተለይ ደብዳቤው ለገጠር የሚሄድ ከሆነ። "እ.ኤ.አ."ን ባለቤቱ ከፈቀደ "በፈረንጆቹ" እለዋለሁ፣ ያው ሁሉም የሚለው እንደዚያ ነውና።

ደንበኞቼ ይህን ልማዴን ሁሌም አይወዱትም። በቀደም አንድ ወጣት የማመልከቻውን ረቂቅ አመጣ። እዝባር የበዛበት ነው፣ ሁለት ቦታ ላይ እሱ ራሱ ምን ለማለት እንደፈለገ ቆሞ አሰበ። ሁሉንም ፈታትቼ ጻፍኩለት። አትሜ ስሰጠው ሁለተኛው ወረቀት ላይ ሦስት መስመር ተርፏል።

"ሒሳቡ በገጽ ነው አይደል?" አለኝ።

"አዎ።"

"እንግዲያው እነዚያን ነገሮች መልሳቸዋ!"